ውሃ የማይጠይቀው ባትሪ

በሰፈራችን «አባ ሽቦ» ሲባል የማያውቅ ሰው የለም። ዕድሜውን በኤሌክትሪክ ሥራ የፈጀ፣ ጡረታ ወጥቶም እጁ አላርፍ ያለ፣ የሰፈሩን ግማሽ ቤት መብራት በገዛ እጁ የዘረጋ ሰው ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጉራ ለመንዛት አይደለም። ጎረቤቴ በመሆኑ ግን እኮራለሁ፤ ለምን እንደምኮራ ደግሞ አሁን እነግራችኋለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋዜጣ ልገዛ ስወጣ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ከሱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። የእጅ ጋሪ ይገፋል፤ ጋሪው ላይ በጆንያ የተሸፈነ ከባድ ነገር ተቀምጧል። ፊቱ ጨልሟል።

«ምነው ወዳጄ፣ ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ምን ያልሆንኩት አለ!» አለ ጋሪውን አቁሞ። «ታላቁ ሞተብኝ።»

ታላቁ ልጁ ሩቅ ከተማ የሚሠራ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እኔው ራሴ ያስተማርኩት ልጅ። የአባቱ አንገት ላይ ተጠምጥሜ «ምን ዓይነት ቀን ነው! መቼ ተረዳህ? እናቱስ ሰማች?» እያልኩ እንባዬን አፈስ ጀመር። አባ ሽቦ ትከሻዬን ይዞ ገፋ አደረገኝ።

«ኧረ ክፉ አታውራ ሰውዬ! ልጄማ ትናንት ደውሎልኛል። ባትሪው ነው እኮ የሞተው!»

ጆንያውን ገለጥ አድርጎ ሊተካው የገዛውን አዲስ ባትሪ አሳየኝ። እኔ እንባዬን ስጠርግ ዳቦ ሻጩ ከሱቁ ብቅ ብሎ «እግዜር ያጽናችሁ» አለን። ማን እንደሞተ እስካሁን አልነገርኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባ ሽቦ ባለቤት የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን አላት። ጎረቤቱ ሁሉ የዶሮውን እንቁላል ያመጣላታል፤ እሷ በማሽኑ አሙቃ ጫጩት አድርጋ ትመልስለታለች። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ እንዳይቀዘቅዝ ባሏ ከጓዳው ጀርባ ባለችው ክፍል አራት ባትሪዎች ደርድሮላታል። እያንዳንዱ አሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር እየተያያዘ አራቱ በአንድ ላይ አርባ ስምንት ይሆናሉ። አባ ሽቦ እንደ ልጆቹ በየተራቸው ስም አውጥቶላቸዋል፤ ታላቁ፣ ተከታዩ፣ ሦስተኛውና ማሙሽ። ሁልጊዜ የሚሞተው ታላቁ ነው። የቤቱ ሬዲዮ የምትሠራው ከታላቁ ስለሆነ፣ ድምጿ መስለል ሲጀምር አባ ሽቦ ቀኑ እንደደረሰ ያውቃል።

«አሁንስ ፈራሁ» አለኝ ጋሪውን አብረን እየገፋን። «ባለፈው መብራት ሲጠፋ ባትሪዎቹ መሐል ላይ ከዱን። የሰው እንቁላል ሁሉ ቀዝቅዞ ቀረ። ከነገ ወዲያ ደግሞ የመብራት ምሰሶ ስለሚቀየር ቀኑን ሙሉ የለም ተብሏል። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ደርሰዋል። ባለቤቴ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ይሄኛውም ከተበላሸ ከውጭ ባለሙያ አስመጣለሁ፤ አንተ እጅህን ታነሳለህ› አለች። እኔን! አባ ሽቦን!»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ግን ዋጥኩት። ዕድሜ ልኩን የሰው ቤት ሲያበራ የኖረ ሰው በገዛ ቤቱ እጅህን አንሳ ሲባል ቀላል ነገር አይደለም።

ግቢው ስንደርስ የወንድሙ ልጅ መጥታ ትጠብቀን ነበር። ቴክኒክ ኮሌጅ ተምራ የፀሐይ ኃይል በሚተክል ድርጅት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት፤ እረፍት ወጥታ አጎቷን ልትጠይቅ መምጣቷ ነው። አባ ሽቦ ሲያያት የቅድሙ ፊት የት እንደገባ እንጃ። «ኢንጂነሯ መጣች!» ብሎ አገላብጦ ሳማትና ሻይ እንኳ ሳትጠጣ እጇን ይዞ ወደ ባትሪዎቹ ክፍል ወሰዳት። ሊያሳያት የቋመጠለት ነገር ነበረው።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግን ሥራ የሚያውቅ ሰው ቢያያት ይቀናል። ሽቦዎቹ በቀለም ተለይተው፣ በልክ ታጥፈው፣ ግድግዳው ላይ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ከባትሪዎቹ በላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ዲጂታል መለኪያ በቀይ ቁጥር ታበራለች። መለኪያዋን በስጦታ የላከችለት ልጅቷ ራሷ ናት።

«አየሻት ያንቺን መለኪያ?» አለ። «ጀርባዋ ላይ ከሠላሳ ቮልት በላይ አትስጡኝ ይላል። የኔ ባትሪ ደግሞ አርባ ስምንት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደንቁሮ ያቃጥላት ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ምግቧን ከታላቁ ብቻ ሰጠኋት! አሥራ ሁለት ቮልት፣ ልክ በልኩ። የምትለካበትን ቀጭን ሽቦ ግን ከአራቱ መጨረሻ ላይ አሰርኩላት። ከአንዱ ትበላለች፣ አራቱን ትለካለች። ከዚህ በላይ ምን ጥበብ አለ?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ታላቁን አየችው። ከሱ የሚነሳው ሽቦ አንድ ብቻ አልነበረም።

«አጎቴ፣ ይሄኛውስ?»

«እሱ የሬዲዮዬ ነው።»

«ይሄስ?»

«የመደርደሪያው አምፖል ነዋ። መለኪያዋን ከተሸከመ አይቀር ብዬ ጨመርኩበት። ታላቅ አይደል? ታላቅ ይችላል።»

ልጅቷ ቀና ብላ ትንሽ አመነታች። ከዚያ እጆቿን አጣምራ እንዲህ አለች፦ «አጎቴ፣ አይቀየሙኝና ታላቁን የሚገድለው ይሄ ነው።»

«የቱ?»

«ከእሱ ብቻ መቀዳቱ።»

አባ ሽቦ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ መሳቁን ተወ።

«ልጄ፣ ያቺ መለኪያ እኮ የምትበላው ጉንዳን ከሚበላው ያነሰ ነው። ሬዲዮዋም ብትሆን ሚጢጢ ናት። ይሄን የሚያህል ባትሪ በዚህ ይሞታል? የባትሪው ፋብሪካ ነው የማይረባው። እኔ ሽቦ ስዘረጋ እኮ አባትሽ ገና ዳዴ ይል ነበር!»

«አውቃለሁ አጎቴ። እኔም ይህን ሥራ የመረጥኩት እርስዎን አይቼ ነው። ግን መለኪያዋ ጥቂት ብትበላም አታቋርጥም፤ ቀንም ሌሊትም እንደበላች ነው። ይሄም ራሱ ባልከፋ፤ ትልቁ ጉዳት ሲሞሉ ነው።»

«ሲሞሉ ደግሞ ምን ይሆናል?»

«ቻርጀሩ አራቱን ለየብቻ አያያቸውም፤ የሚያየው ድምራቸውን ነው። ድምሩ ሲሞላለት ሁሉም ጠግበዋል ብሎ ያቆማል። ታላቁ ግን ሲጀመር ከሌሎቹ ጎድሎ ስለሚጠብቀው ሳይጠግብ ይቆምበታል። የሱን ጉድለት ሦስቱ ከልካቸው በላይ እየሞሉ ይሸፍኑታል። እሱ በየቀኑ ይከሳል፤ እነሱ በየቀኑ ይቀቀላሉ።»

አባ ሽቦ ጣቱን ወደ መለኪያዋ ቀሰረ። መብራት ስለነበረ ቻርጀሩ እየሠራ ነው።

«ይኸው! አንቺው የላክሻት መለኪያ ምን ትላለች? ሃምሳ ስድስት! ጤነኛ ነኝ እያለች ነው። የራስሽን ምስክር ልትክጂ ነው?»

«የምትናገረው ድምሩን ነዋ። እስቲ አንድ በአንድ ይለኳቸው።»

የእጅ መለኪያ ከቦርሳዋ አወጣችና ለአጎቷ በሁለት እጇ ሰጠችው። ራሷ ለክታ «ይኸው ተመልከቱ» ማለት ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። አስተዳደጓን አደነቅሁ። አባ ሽቦ መነጽሩን አጠለቀና ከማሙሽ ጀመረ። «አሥራ አራት ነጥብ ስምንት» አለ። ሦስተኛውም አሥራ አራት ነጥብ ስምንት፣ ተከታዩም እንዲሁ። ታላቁ ላይ ሲደርስ ነቅሎ እንደገና ለካው።

«ስንት ነው?» አልኩ።

«አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት» አለ ቀስ ብሎ።

የአስተማሪነት አመል አይለቅምና አፌ አላስቻለውም። «ይሄማ የክፍል አማካይ ውጤት ነው! ሦስት ጎበዞች የአንዱን ውድቀት ይሸፍኑና ክፍሉ አለፈ ይባላል። ስንት ልጅ እንዲህ ተሸፍኖ ሲወድቅ አይቻለሁ መሰለህ» አልኩ።

«አንተን ደግሞ ማን ጠየቀህ?» ብሎ ገላመጠኝ።

ልብ በሉ፤ ወዳጄ ደረቅ ሰው አይደለም። በእጁ የለካውን ቁጥር አምኗል። ነገር ግን ያን ያህል የኮራበት ብልሃት በአንድ ረፋድ ሲናድበት ሰው የመጨረሻዋን ምሽግ ይፈልጋል። እሱም ፈለገ፤ አገኘም።

«ይሁን» አለ። «ታላቁ እንዲህ ከተጎዳ ለምን አይናገርም? እነዚህ ሦስቱ ውሃ በላይ በላዩ ይጠጡብኛል። ክዳናቸውን በከፈትኩ ቁጥር ጎድለው ነው የማገኛቸው፤ የተጣራ ውሃ ሳቀርብላቸው እውላለሁ። ታላቁ ግን ጨዋ ነው። አንድ ቀን ውሃ ጠይቆኝ አያውቅም! የተጎዳ ቢሆን የሚጠይቀው እሱ አልነበረም?»

እውነት ለመናገር የታላቁን ጨዋነት ለእኔም ብዙ ጊዜ አውርቶልኛል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። እኔም ባትሪ ጨዋና ባለጌ አለው ብዬ ተቀብዬ ኖሬአለሁ።

ልጅቷ አጎቷን ላለማስከፋት ቃል እየመረጠች እንደሆነ ያስታውቃል።

«አጎቴ፣ ባትሪ ውሃ የሚጨርሰው ሞልቶ መፍላት ሲጀምር ነው። ሦስቱ የሚጠጡት ከልክ በላይ ስለሚሞሉ ነው። ታላቁ ውሃ ያልጠየቀዎት ከጨዋነት አይደለም። አንድም ቀን ጠግቦ ስለማያውቅ ነው።»

አባ ሽቦ ግድግዳው ሥር ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር።

ለካስ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል።

«እኔ ይሄን ነገር ባትሪ ሳልከፍት ነው የማውቀው» አለች። «ታላቅ ዝም ሲል ችሎታል ይሉታል። አንተስ ያው አይደለህ? ወንድሞችህ እንዲማሩ ብለህ ትምህርትህን ስታቋርጥ ማን ‹አንተስ?› አለህ? አልጠየቅህማ! ስላልጠየቅህ ምንም ያልጎደለህ መሰላቸው።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። አባቷ ከነዚያ ወንድሞች አንዱ ነው።

«አባቴ ሁሌ ይነግረኛል» አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «የተማርኩት በወንድሜ ድርሻ ነው ይላል። እኔም ብሆን ኮሌጅ የገባሁት በዚያው ድርሻ ነው።»

አባ ሽቦ ብድግ አለ።

«ኤዲያ! ስለ ባትሪ እናውራ ብላችሁ ልታስለቅሱኝ ነው እንዴ? በይ ንገሪኝ፤ ምን ይደረግ?»

ልጅቷ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ከቦርሳዋ የእጅ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ አወጣች። «ቮልት መቀነሻ ናት። በዚህ በኩል የአራቱ አርባ ስምንት ይገባል፤ በዚህ በኩል አሥራ ሁለት ይወጣል። መለኪያዋም፣ ሬዲዮውም፣ አምፖሉም ከሷ ይብሉ። ሸክሙ ለአራቱም እኩል ይደርሳል፤ አንዱ ከሌላው ወደ ኋላ አይቀርም።»

አባ ሽቦ ዕቃዋን ተቀብሎ አገላበጣት። ዓይኑ ጠበብ አለ፤ ያቺን አስተያየቱን አውቃታለሁ።

«አርባ ስምንት ትያለሽ። እሱ ስሙ ነው፤ ሲሞሉ እኮ ሃምሳ ስምንት ድረስ ይወጣሉ። ገበያ ላይ ያለው መቀነሻ ብዙው ከአርባ በላይ አይችልም። ከዚያ በላይ ሲገባበት ይጨሳል። የሚጨስ ነገር እዚህ ቤት አላስገባም!»

«ይሄን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነበር!» አለች ሳቋ እያመለጣት። «ይቺ እስከ ሰባ አምስት ትችላለች፤ ይኸው ጎኗ ላይ ያንብቡት።»

አነበበ። «ጥሩ። ፊውዝስ?»

«እሱን ከዚህ እገዛለሁ ብዬ ነው።»

«በአባ ሽቦ ቤት ፊውዝ አይገዛም!» ብሎ መሳቢያውን ሳበና መርጦ አወጣ። «የሚገባው እዚህ ነው፤ ከባትሪው ጫፍ ሳይርቅ። መቀነሻዋ ድንገት ብትበላሽ ሽቦው ከመንደዱ በፊት እሱ ይበጠሳል። ይሄን ኮሌጁ ነግሮሻል?»

«ከኮሌጁ በፊት እርስዎ ነግረውኛል፤ ልጅ ሆኜ የእጅ ባትሪዬን ሲጠግኑልኝ።»

እንዲህ ሲባባሉ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ብዙ ቤት ውስጥ ሽማግሌው «እኔ አውቃለሁ» ይላል፤ የተማረው ልጅ «አርጅተሃል» ይላል፤ ነገሩም ሳይሠራ በኩርፊያ ያልቃል። እዚህ ግን ልጅቷ ያላወቀውን ነገረችው፤ እሱ ደግሞ ያወቀውን አልደበቃትም።

ሽቦዎቹን ከታላቁ ላይ አንድ በአንድ የፈታው አባ ሽቦ ራሱ ነው። ልጅቷ በታላቁ ቦታ የሚገባው አዲሱ ባትሪ ሳይሞላ ከአሮጌዎቹ ጋር መታሰር እንደሌለበት ነገረችው፤ አራቱም ለየብቻቸው እስኪጠግቡ ተሞሉ፤ እኩል መሆናቸው በእጅ መለኪያ ታየ፤ ከዚያ ተያያዙ። መቀነሻዋ ከአራቱ ጫፍና ጫፍ ታሰረች። መለኪያዋ ቀይ ቁጥሯን ስታበራ ሬዲዮዋም ዜናዋን ቀጠለች። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። መልካም ነው የምትለው ጫጩት ስታይ ነው።

በተባለው ቀን መብራት በጠዋት ጠፋ። እኔ ቤቴ መቀመጥ አቅቶኝ እነሱ ዘንድ ዋልኩ። አባ ሽቦ ከወንበሩ ይነሳል፣ አራቱን ለየብቻ ይለካል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ቁጥሩ እየወረደ ነው፤ ግን አራቱም አብረው ነው የሚወርዱት፤ ወደ ኋላ የቀረ የለም። እኩለ ቀን አለፈ፤ ባለፈው የከዱበት ሰዓትም አለፈ። አባ ሽቦ ያን ጊዜ ላብ አጥምቆት ነበር። ማሽኑ ግን ሞቆ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ የማሽኑን መስታወት እያየች «ኑ! ኑ!» ብላ ተጣራች። አንድ እንቁላል ተሰንጥቋል። ቀጥሎ ሌላው። ምሽት ላይ መብራት ሲመጣ ቤቱ በጫጩት ጩኸት ተሞልቶ ስለነበር መምጣቱን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ባለቤቱ አንዷን እርጥብ ጫጩት በመዳፏ ይዛ ወደ ባሏ ዞረች።

«ባለሙያ አስመጣለሁ ብዬህ ነበር» አለችው። «ትቼዋለሁ። ባለሙያዎቹ ቤቴ ውስጥ ናቸው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ። በማግስቱ ግን አባ ሽቦ ፒንሳውን ይዞ፣ ልጅቷን አስከትሎ ቤቴ መጣ።

«ተነስ» አለኝ። «እንዲያ አድርጌ የቀዳሁት ለራሴ ብቻ አይደለም። ፀጉር አስተካካዩ ቤት አለ፣ ልብስ ሰፊዋ ቤት አለ፣ ወፍጮ ቤቱም አለ። ሁሉም ባትሪ ሞተብን እያሉ ፋብሪካውን ይራገማሉ።»

መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄድን። ወንበሩ ላይ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛ ተቀምጧል፤ ሌሎችም ተራ ይጠብቃሉ።

«የባትሪህን ሽቦ ልፈታ መጥቻለሁ» አለ አባ ሽቦ።

ፀጉር አስተካካዩ ደነገጠ። «ምን ሆነ? ይሠራል እኮ! ደግሞ ራስህ አይደለህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ። ለዚህ ነው እኔው ልፈታው የመጣሁት።»

«ሰው የሠራውን ይኮራበታል እንጂ ያፈርሳል እንዴ?»

«ስማኝ ወንድሜ» አለ አባ ሽቦ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለመለኪያው የቀዳሁልህ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ነው። እሱ እየተራበ፣ ሌሎቹ እየተቃጠሉ ነው። ከአራቱም እኩል ስንወስድ አራቱም አብረው ይኖራሉ፤ በየጊዜው አንድ እየገዛህ አትማረርም። ውሃ ስትሞላ አትውልም። መለኪያህ ደህና ነው ሲልህ እውነት ደህና ይሆናል። መብራት ጠፋ ብለህም ደንበኛህን በግማሽ ጢም አትሸኝም።»

ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ እጁን ወደ ጢሙ ሰደደ። ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁ።

«ግባ እሺ፤ ባትሪዎቹ ከኋላ ናቸው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ቀጥሎም ወደ ልጅቷ እያየ፣ «ይቺስ ልጅ ማን ናት?»

አባ ሽቦ ፒንሳውን ለልጅቷ ሰጣትና ትከሻዋን ይዞ ወደ ፊት አቀረባት።

«የወንድሜ ልጅ ናት» አለ። «እኔን ያረመችኝ እሷ ናት።»

ለብዙ ዓመት ስለ ሥራው ሲኮራ ሰምቼዋለሁ። እንዲህ ኮርቶ ሲናገር ግን ሰምቼው አላውቅም።